ግልባጭ

ቪስቢ፣ ከግንቡ ሥር፣ ባሕር በሚያገሳበት፣
የአልፍሂልድ ቤት አለ፣ ቀለም የሚሸትበት።
እሷ ሠዓሊ ናት፣ እኔ መዘውር አዟሪ፣
በሰዓት ተከፋይ፣ ብረት አሽከርካሪ።

ገበሬው ቦትቪድ ድንቹን ሲያወጣ
ከጭቃው መካከል ብር ይዞ መጣ፤
ሺህ ዓመት ተቀብሮ ያልበላው ዝገት፣
ግማሽ ድርሃም ነው፣ ሌላው የጠፋበት።
ያኔ በዚህ ደሴት ብር በሚዛን ነበር፤
ከዕቃው ዋጋ ቢተርፍ በመጥረቢያ ሊሰበር፣
ሐሰት እንዳይሆንም ጠርዙን በቢላ ወግቶ
ነጋዴው ይሄዳል፣ ቁራሹን ከረጢት ከቶ።

ዘውድ የለው፣ ጎፈር የለው፣ ዕጣ አይጣልበት፣
ፊቱም ፊደል፣ ጀርባውም ፊደል ሞልቶበት።
ሙዚየሙ ወሰደው፤ ሕጉ ነው፣ ግድ ነው፤
ስሙ ገና አልተነበበም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

አልፍሂልድ ከመስታወቱ ፊት በርጩማ አስቀምጣ
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በእርሳስ ነደፈችው፦
አንዴ እንደ ጎደለች ጨረቃ፣
አንዴ እንደ ተገመጠ ቂጣ፣
አንዴ የቢላውን ውጋት ብቻ አጉልታ፣ ሸለቆ አስመስላ።
ፊደሉን አታውቀውም። እንደ ሐረግ ነው የሳለችው፣
እንደሚጠማዘዝ ነገር፣ እንደሚያብብ።

ከዚያ መዳብ ወለወለች፣ ሰም አቅልጣ ቀባች፣
በሰሙ ላይ በመርፌ መስመር በመስመር ጫረች።
እኛ ቤት ወርቅ የለም፤ ሰሙ ሲነሣ
የሚገኘው መዳብ ነው፣ አሲድ የበላው ጠባሳ።
ያን ጠባሳ ነው ቀለም የምናጠጣው፣
በወረቀት ላይ ነገር የሚያወጣው።

መዘውሩን አዞርኩ። ሱፉን ገለጥኩ።
ወረቀቱ ሲላቀቅ እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብሎ ነው።
ጥቁሩ ጥልቅ፣ ነጩ ዝም ያለ።
ቦትቪድ በቦት ጫማው ቆሞ አየና
«ግማሽ ሥለሽ የሙሉ ዋጋ?» አላት፣ ሳቀና።
«ያልተገኘውን አልስልም» አለችው።

ማታ ኦይዲን መጣች፣ ደረጃ የምትወለውለው፤
ባልዲዋን አስቀምጣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን አየች።
ዝም አለች። ቆይታ፣ አንዱን ኅትመት
በሁለት ጣት ይዛ ወደ ጨለመው መስኮት አዞረችው፣
መስታወቱ ውስጥ ያለውን፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አነበበች።
«አያቴ ነው በድብቅ ያስተማረኝ» አለች፤ «በጋዜጣ ጠርዝ ላይ።
ይሄ ተገልብጧል። ወደ ግድግዳ ዞሮ እንደሚናገር ሰው ነው።
‹ሰመር› ይላል። ‹ቀንድ› የሚለው ከመጥረቢያው ወዲያ ቀርቷል።
የተወለድኩበት ነው።»

አልፍሂልድ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።
ሦስት ሳምንት የፈጀ መዳብ ነው።
(እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ግራን ቀኝ ሳደርግ ኖሬ
ማስታወስ ነበረብኝ።)
አልፋቀችውም።
አዲስ ኅትመት አወጣን፤ ቀለሙ ሳይደርቅ
እርጥብ ነጭ ወረቀት ደረበችበትና «አዙር» አለችኝ።
ግልባጩን ገለበጥነው።

የወጣው የገረጣ ነው፣ የጭስ ጥላ ያህል፣
ጥቁሩ ከጥቁሩ ተካፍሎ የቀረ፤
ቃሉ ግን ቀና፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እስከ ስባሪው ጠርዝ።
ኦይዲን ጣቷን ሳታስነካ ከላዩ ላይ አስኬደች፤
ጠርዙ ጋ ስትደርስ ጣቷ አልቆመም፣
ባዶው ወረቀት ላይ ትንሽ ሄደ።

ጥቋቁሮቹ ተሸጡ፣ ለስቶክሆልም ሰዎች፣ በጥሩ ዋጋ።
የገረጣው አንድ ነው፤ እሷ ጠቅልላ ወሰደችው።
«ስጦታ ነው» ብትባል እሺ አላለችም፤
ከሽርጧ ኪስ አንድ ክሮና አውጥታ
የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች፣ ዘውዱን ወደ ላይ።
አለች እስከ ዛሬ። አቧራ ስጠርግ ዙሪያዋን ነው የምጠርገው።
የሚገለብጣት የለም።